የሪሞት ባጊ የኋላ እግር ስር፣ ጎንደር አፈር ላይ

ሪሞት ባጊ ማለት ያው በሪሞት የምትነዳ ትንሽ የውድድር መኪና ናት፣ ጎማዎቿ ከቦዲዋ ወጣ ያሉ፣ አፈርና ጉብታ ላይ እንድትሮጥ ተብላ የተሰራች። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው የትልቁ መኪና 1/10ኛ እና 1/8ኛ የሚባሉትን ነው፣ እዚህ የማወራው ስለ 1/10ኛዋ፣ ባለ ባትሪ ሆና በኋላ ጎማ ብቻ ስለምትገፋው ነው። ክብደቷ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ሞተሩ የሚያዞረው የኋላውን ብቻ ስለሆነ መሬት መያዟም ቀጥ ብላ መውጣቷም ከጉብታ ዘላ ስታርፍ አለመገልበጧም አብዛኛው ከኋላ እግር ስር፣ ማለትም ጎማውን ከያዙት ክንድ፣ ሞላና ሾክ አብዞርበር ነው የሚመጣው፣ ስለዚ የፊቱን ቆይተህ ትነካዋለህ፣ መጀመሪያ ኋላውን።

ከየት መጣች ለሚል፣ በፈረንጆቹ 1979 የጃፓኑ ታሚያ ሳንድ ስኮርቸር የምትባል አወጣ፣ እሷ እኮ ቮልስ ናት፣ አባቶቻችን የነዷት ቮልስ ለአሸዋ ተብላ ስትዘጋጅ ማለት ነው፣ እግር ስሯም የቮልስን ነው የተከተለው። በ1984 ደሞ የአሜሪካው አሶሺዬትድ አርሲ10ን አመጣ፣ አሉሚኒየም ሻሲ፣ አራቱም ጎማ ለየብቻው የሚወዛወዝ፣ ዘይት ያለው ሾክ አብዞርበር። በዓመቱ በ1985 ካሊፎርኒያ ዴል ማር ላይ የዚህ ዓይነት ባለ ባትሪ የአፈር መኪና የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ። የዛሬዎቹ ባጊዎች በመሰረቱ የአርሲ10 ልጆች ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ጎንደር ላለ ሰው አሰራሩን ለመረዳት ባጃጅ ስር ጎንበስ ብሎ ማየት በቂ ነው። የኋላው ጎማ ግራና ቀኙ ለየብቻው በክንድ ተይዟል፣ ሞላው ክብደቱን ይሸከማል፣ ሾክ አብዞርበሩ ደሞ ሞላው ዝም ብሎ እንዳይነጥር ያረጋጋዋል። ባጊም እንደዛው ናት። ሞላ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣልያን የቀሩ ናቸው፣ ለባጊም ሌላ ስም መፈለግ አያስፈልግም፣ ማንኛውም ሜካኒክ ስትነግረው ይገባዋል።

አስተካከሉ ከቁመት ይጀምራል። ባትሪውን ጭነህ ኋላዋን ወደ ታች ተጫንና ልቀቃት፣ ከተረጋጋች በኋላ ከሻሲው ስር እስከ መሬት 22 ሚሊሜትር አካባቢ ብትሆን ጥሩ መነሻ ነው፣ ወይም በዓይን የጎማውን ዘንግ እየው፣ ከመሃል ወደ ጎማው አግድም ቀጥ ካለ ደርሰሃል። ሜዳው ሻካራ ከሆነ ትንሽ ከፍ ታደርጋታለህ። ይሄ ሳይስተካከል ሞላ መቀየር ብር ማባከን ነው።

ይሄን ያወቅኩት አምና በጋ ላይ አዘዞ በኩል ካለ ሜዳ ነው። ዋልካው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ላዩ አቧራ ስሩ እንደ ድንጋይ፣ ባጊዋ ፍጥነት ስሰጣት ሁሌ ጅራቷ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ሞላ ሁለቴ ቀየርኩ፣ ጎማ ቀየርኩ፣ ምንም። በመጨረሻ ባጃጅ የሚሰራ ጎረቤቴ አያትና «ወንድም ዓለም፣ መጀመሪያ ሁለቱን ሾክ አውልቀህ ጎን ለጎን አቁማቸው እስቲ» አለኝ። አወለቅኩ፣ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው፣ አንዱ ከሌላው ይረዝማል። ጫፉ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ሁለት ዙር ያህል ሳትጠብቅ ቀርታለች፣ ሁለት ዙር ማለት 1 ሚሊሜትር ገደማ ናት፣ ግን ሾኩ የሚታሰረው ክንዱ መሃል አካባቢ ስለሆነ ጎማው ጋ ስትደርስ ወደ ሁለት ትጠጋለች። አጠበቅኳትና በዛው ቀን ቀጥ ብላ ሄደች። ከዛ ወዲህ የሁለቱን ርዝመት ሳልለካ አልወጣም።

ቀጥሎ ዘይቱ ነው። ሾኩ ውስጥ ትናንሽ ቀዳዳ ያለው ፒስተን አለ፣ ዘይቱ በቀዳዳው ሲያልፍ ነው እንቅስቃሴው የሚዘገየው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘይቱ ይወፍራል፣ 30 የሚባለው ሲኤስቲ በሚባለው ሌላ የውፍረት መለኪያ ወደ 350 ነው፣ ከካምፓኒ ካምፓኒ ግን ትንሽ ይለያያል። ሲሊኮን ዘይት መሆን አለበት። ሲጠፋ የስፌት መኪና ዘይት ወይም የሞተር ዘይት የሚያደርጉ አሉ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ጎሚኒዎቹ የሲሊኮን ከሆኑ ያብጣሉ ከዛ ሾኩ ይጣበቃል። ስትሞላ ፒስተኑን በቀስታ ከፍ ዝቅ እያደረግክ አረፋው እስኪወጣ ጠብቅ፣ ክዳኑን ዘግተህ ስትገፋው ጭልቅ ጭልቅ ካለ አየር አለው፣ እንደገና ክፈተው። ሲያልቅ ባጊዋን ከስንዝር ከፍታ ጣላት፣ ከመሬት ሳትነጥር ዝም ብላ ከተቀመጠች ደህና ነው።

አንቲ ስኳት የሚሉት ደሞ ክንዱ የሚዞርበት ፒን ፊቱ ከኋላው ከፍ ሲል ነው፣ ሞተሩ ሲገፋ ኋላዋ ቁጭ እንዳትል ይይዛታል። ለስላሳ ሜዳ ላይ ፍጥነት ስትሰጣት ቶሎ ትወጣለች፣ ኮረኮንች ላይ ግን ጅራቷ ይዘላል፣ ለኛ አፈር ትንሹን እመርጣለሁ። ቶ ኢን፣ ማለትም ጎማዎቹ ፊታቸውን ወደ ውስጥ ማዞራቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዲግሪ ነው፣ ሲጨምር ትረጋጋለች ፍጥነቷ ግን ትንሽ ይቀንሳል። ካምበር፣ ማለትም የጎማው አናት ወደ ውስጥ ማጋደሉ፣ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ይበቃል። ሾኩን ክንዱ ላይ ወደ ውጪኛው ቀዳዳ ስታወጣው ይጠነክራል፣ ወደ ውስጥ ስታስገባው ይለሰልሳል። ሁሉንም በአንዴ አትንካ፣ አንዱን ቀይር፣ አምስት ዙር ንዳ፣ ከዛ ሌላውን።

ስለ ሞተር ቦታ የግድ ማንሳት አለብኝ። ውጪ አገር ምንጣፍና የተጠቀጠቀ ሸክላ ላይ ስለሚወዳደሩ አሁን አብዛኛው ባጊ ሞተሩ መሃል ነው፣ አቧራ ላይ ግን ከኋላ አክስል አልፎ የተቀመጠ ሞተር ክብደቱን ጎማው ላይ ይጥላል፣ አሮጌ ሞዴል ርካሽ ያገኘ ሰው እዚህ ተጠቃሚ ነው። መሃል ሞተር ያለው ደሞ የኋላ ጎማ መያዣውን በስፔሰር፣ መሃል በሚገባ ቀለበት፣ ወደ ፊት ቢገፋ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማ ያደላለታል።

ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ዋልካ ላይ መንዳት አይመከርም፣ ጭቃው ክንዱ ላይ ተጋግሮ እግር ስሩ መንቀሳቀስ ያቆማል፣ ኩሽኔታውም ውሃ ይገባዋል፣ ጠጠር ያለበት ተዳፋት ይሻላል። በጋ ላይ ደሞ ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ጠዋቱ ይበርዳል፣ ሲሊኮንም ቢሆን ብርድ ላይ ትንሽ ይወፍራል። ታህሳስ ላይ ጠዋት በ30 ዘይት ልክ የሆነችው ባጊ ቀትር ላይ ጅራቷ ይነጥራል፣ ያኔ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ወደ 35 መቀየር ነው።