ካርቡራተር ምንድን ነው? አሮጌ የጀልባ ሞተር ሐይቅ ላይ ሲጠፋ

ካርቡራተር ቤንዚንና አየር በልካቸው የሚቀላቀሉበት የሞተር ክፍል ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ያኔ ከሥር ካለችው ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ቤንዚን በቀጭን የነሐስ ቀዳዳ ተስቦ ይረጫል። በጎድጓዳዋ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ሥራው እንደ ውኃ ታንከር ኳስ ነው፦ ቤንዚኑ ሲሞላ መግቢያውን በመርፌ ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፍታል። ለ1 ግራም ቤንዚን 15 ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል።

እኛ ወሎዎች ይህ ልክ ሲዛባ በዓይናችን እናየዋለን። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አሮጌ መኪና ማን ያላየ አለ? ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል፣ ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ናቸው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የነሐሷ ቀዳዳ ግን ያችው ስለሆነች ቤንዚኑ ይበዛል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ ስሙም ሐይቅ የሆነው ውኃም 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ አሮጌ ሞተር እዚያ ሲገባ በጠባብ ቀዳዳ ካልተቀየረለት ይጨሳል፣ ቤንዚን ይፈጃል። ቀዳዳው ቢቀየርም አየሩ ሳስቷልና ከጉልበቱ ጥቂት መጉደሉ አይቀርም።

ምርመራው ከካንዴላ ይጀምር። ብልጭታ መስጠቱ ከተረጋገጠ በኋላ ጫፉን እዩት፦ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ከረጠበ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጥቶ ከደረቀ ቤንዚን አንሷል፤ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ከፍታው ቤንዚን ያበዛል ብለናል፤ እዚህ አገር ነጭ ካንዴላ ከታየ እንግዲህ አንድ ቦታ የተደፈነ ወይም አየር የሚያስገባ ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ያን ጊዜም ካርቡራተሩን ለመፍታት አትቸኩሉ። ሐይቅ ዳር አንድ ሞተር ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እየጠፋ ግማሽ ቀን አድክሞናል። ካርቡራተሩን ሁለት ጊዜ ፈትተን ገጠምነው። ጥፋቱ የቤንዚን ጋኑ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መተንፈሻ ብሎን መዘጋቷ ነበር፤ ስትላላ አየሩ ፉጨት እያሰማ ገባ፣ ሞተሩም ቀጥ ብሎ ሠራ። ከጋኑ ወደ ሞተሩ በሚሄደው የቤንዚን ቱቦ ላይ ያለችውን የጎማ ኳስ መጭመቅም ብዙ ይናገራል፦ ሊጠፋ ያለው ሞተር በጭመቃው ነፍስ ከዘራ፣ ችግሩ ከፓምፑ ወይም አየር ከሚያስገባው ቱቦ ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ጎድጓዳዋን ወደ ብርጭቆ አፍስሱ። ውኃ ካለ ከቤንዚኑ ሥር እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይቀመጣል። ለወራት የቆየ ቤንዚን ደግሞ እንደ ሙጫ ደርቆ ቀዳዳዋን ይደፍናል። እባካችሁ በሽቦ አትጎርጉሯት፤ ነሐስ ለስላሳ ነውና ትሰፋለች፣ ልኳም ይጠፋል። በማጽጃ ፈሳሽ ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ይበቃል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ላይ ይተኛል፤ ሥራው ከጀልባው ወርዶ፣ ሲጋራና ክብሪት ርቆ ይሁን።

ጀልባው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ፣ ሞተሩ ውኃ ውስጥ እንዳለ የቤንዚን ቱቦው ይነቀልና በጎድጓዳዋ የቀረውን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ።