ከእቃ ማጠቢያው ሥር የሚገጠመው ዲስፖዘር ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ በቅርብ ዓመታት በተሠሩ አንዳንድ ቪላዎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ወጥ ቤት ገብቶ ከእቃ ማጠቢያው በታች ያለውን ቁም ሣጥን የከፈተ ሰው፣ ሲፎኑ ብቻውን ይገኛል ብሎ በሚጠብቅበት ቦታ ትንሽ ባልዲ የሚያህል ከባድ ነገር ተንጠልጥሎ ሊያይ ይችላል። አፉ በጎማ የተሸፈነ ነው፤ ከጎኑ ቱቦ ወጥቶ ከሲፎኑ ጋር ይገናኛል፤ የኤሌክትሪክ ገመድም አለው። ዲስፖዘር የሚባለው ይህ ነው። ሥራው የምግብ ትርፍራፊን አድቅቆ ከውኃ ጋር ወደ ፍሳሽ መስመር መስደድ ነው። ይሰደዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለ አጠቃቀሙና ስለ ጽዳቱ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ዲስፖዘር ትውልዱ አሜሪካ ነው። የፈለሰፈው በዊስኮንሲን ግዛት በራሲን ከተማ ይሠራ የነበረ ጆን ሐምስ የተባለ አርክቴክት ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1927 ነበር። የፈጠራ መብት በ1933 ጠይቆ በ1935 ተፈቀደለት፤ ኢንሲንክኤሬተር የተባለውን ኩባንያም በ1938 አቋቋመ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ተራ የወጥ ቤት ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ በገዛ አገሩም ሁሉም በእልልታ አልተቀበለውም። የኒው ዮርክ ከተማ ለአሮጌ የፍሳሽ መስመሮቿ ሰግታ በአብዛኛው የከተማዋ ክፍል ለረጅም ዓመታት ከልክላው ቆይታለች፤ የፈቀደችው በ1997 ነው።

ብዙ ሰው ውስጡ እንደ ጁስ መፍጫ ስለታም ቢላዋ ያለው ይመስለዋል። ቢላዋ የለውም። በሞተሩ ዘንግ ላይ አንድ ክብ የብረት ሳህን ተቀምጧል፤ በሳህኑ ላይ ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዙ ደንደን ያሉ ጥርሶች አሉ። ሞተሩ ሲነሣ ሳህኑ በደቂቃ ከ1,400 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ ትርፍራፊው በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ዳር ይወረወራል። ዳር ላይ ዙሪያውን ሻካራ የሆነ፣ የማይንቀሳቀስ ቀለበት ይጠብቀዋል። ጥርሶቹ እየገፉ ከቀለበቱ ጋር ሲያፋጩት ይደቅቃል፤ የደቀቀው በውኃ ታጥቦ በቀዳዳዎቹ ይወርዳል። በመሆኑም «በረዶ ጨምራችሁ አስነሡት፣ ቢላዋውን ይሞርድላችኋል» የሚለው ምክር መሠረት የለውም። ያልነበረ ቢላዋ አይሞረድም። የበረዶው ጥቅም ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ውኃው እንግዲህ ለመሣሪያው እንደ ሞተሩ ሁሉ የግድ ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ይከፈታል፣ ከዚያ ማሽኑ ይነሣል፣ ቀጥሎ ትርፍራፊው ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። መፍጨቱ ካበቃ በኋላም ማሽኑን አጥፍቶ ውኃውን ለሃያ ሰከንድ ያህል ማስወረድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የደቀቀው ነገር ሲፎኑ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ቀዝቃዛ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቅ ውኃ ቅባትን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ቅባት ማሽኑን በሰላም አልፎ ቧንቧው ውስጥ ራቅ ብሎ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። በቀዝቃዛ ውኃ ግን እንደረጋ ተሰባብሮ ይሄዳል። ከሁሉ የሚሻለው ቅባቱን ጨርሶ አለመጨመር ነው። ከቅቅል የተረፈ ሞራና ከጥብስ የተረፈ ዘይት በዕቃ ተጠራቅሞ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው፤ ቧንቧው ሲደርቅ ዲስፖዘሩም ሥራ ይፈታል። ከጀሪካን በኩባያ እየቀዱ ማፍሰስ አይበቃም፤ ሮቶው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከመቀመጡ የተነሣ በቀጭኑ የሚወርድ ውኃም እንዲሁ። ሳይታጠብ የቀረ የደቀቀ ትርፍራፊ ሲፎኑ ውስጥ ሲደርቅ ጭቃ ይሆናል፣ ጭቃው ይጠነክራል። ስለዚህ ውኃ በሌለበት ቀን ትርፍራፊው ወደ ባልዲ ነው።

የመብራት ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። ማሽኑ እየሠራ መብራት ቢሄድ ዝም ይላል። ሰው ማብሪያውን ማጥፋት ይረሳና ውስጡ የቀረ ማንኪያ ሊያወጣ እጁን ይሰዳል። መብራቱ የሚመለስበትን ደቂቃ ማንም አያውቅም። መብራት እንደሄደ ማብሪያውን ማጥፋትና ሶኬቱን መንቀል የቤቱ ሕግ መሆን አለበት፤ ልጆችና የቤት ሠራተኛ ባሉበት ቤት ደግሞ ሁሉም ሊሰሙት ይገባል። እጅ በማንኛውም ሁኔታ አይገባም። ለዚህ ፒንሳ አለ፣ ረጅም መቆንጠጫም አለ።

ምን አይጨመርበት? የአሜሪካ መመሪያዎች የሚዘረዝሩት የአሜሪካን ማዕድ ነው። እዚህ አገር ዝርዝሩ ይለወጣል። ሐዋሳ ላይ ቀዳሚው ጠላት ቃጫ ይመስለኛል። በቆጮ ውስጥ የሚቀረው ቀጭን የእንሰት ጭረት፣ የበቆሎ ፀጉርና ልባስ፣ የሸንኮራ አገዳ ምጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ እነዚህ ሁሉ ከመድቀቅ ይልቅ በእንዝርት ላይ እንደሚጠነጠን ፈትል በጥርሶቹ ዙሪያ ይተበተባሉ። ሁለተኛው እንጀራ ነው። አንድ ቁራሽ ችግር የለውም፤ የምሳውን ትራፊ በሙሉ መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው። እንጀራ በውኃ ሲርስ ሊጥ ይሆናል፣ ሊጡም የሲፎኑን መታጠፊያ ይዞ ይቀመጣል። ሩዝና ፓስታም ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ። ሦስተኛው የቡና አተላ ነው። ማሽኑ ያለ ምንም ድምፅ ስለሚያሳልፈው ሰው ያምነዋል፤ ነገር ግን ከባድና ደቃቅ ስለሆነ ቧንቧው በሚታጠፍበት ሥፍራ ይዘቅጣል፤ ቅባት ካገኘ ደግሞ ተጣብቆ ይደድራል። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የከብት አጥንትማ አይነሣም። የዓሣ እሾህ ሊፈጭ ይችላል፤ ቅርፊቱና ቆዳው ግን ተለጥፎ ሽታ ያመጣል። ለነገሩ አሞራ ገደል በሚባለው የከተማው የዓሣ ገበያ፣ ሐይቅ ዳር ተኮልኩለው የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይህን ሥራ ከየትኛውም ማሽን አስበልጠው ይሠራሉ።

ታዲያ ምን ቀረለት? ሳህን ከተጠረገ በኋላ የሚቀረው ነው። ጥቂት ወጥ፣ የሰላጣ ቁራጭ፣ የድንችና የካሮት ቅንጥብጣቢ፣ ለስላሳ ፍራፍሬ።

ወደ ጽዳቱ ስንመጣ፣ «ዲስፖዘሩ ይሸታል» የሚለው አቤቱታ ሲነሣ ሁሉም የሚጠረጥረው ከታች ያለውን መፍጫ ነው። ሽታው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከላይ፣ ከአፉ ላይ ካለው ጎማ ነው። ይህ ጎማ እንደ አበባ ቅጠል የተሰነጣጠቀና ትርፍራፊው ተፈናጥሮ እንዳይወጣ የሚከላከል ነው። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ሶኬቱን ነቅለው አንዱን ቅጠል በማንኪያ እጀታ ቀና ቢያደርጉት ግን ከታቹ ግራጫ፣ የሚያዳልጥ፣ እንደ አተላ የወፈረ ነገር ተለጥፎ ይገኛል። መፍጫው በሠራ ቁጥር ወደ ላይ የሚረጨው ሁሉ እዚያ ይቀራል፤ ውኃ ደግሞ ከላይ ስለሚወርድ አይነካውም። መድኃኒቱ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። እያንዳንዱን ቅጠል እየገለበጡ ማሸት፣ ከዚያ የአፉን ዙሪያ ማሸት። በአንዳንዶቹ ላይ ጎማው ጨርሶ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሥራው ይቀላል። በሳምንት አንዴ ይህን ያደረገ ቤት ሌላ ሽቶ አያስፈልገውም።

በረዶው እዚህ ላይ ይጠቅማል። አንድ ሁለት እፍኝ የበረዶ ኩብ ከአንድ እፍኝ ጨው ጋር ጨምሮ ቀዝቃዛ ውኃ ከፍቶ ማስነሣት፣ በጥርሶቹና በቀለበቱ ላይ የተጋገረውን ቅባት እየመታ ያራግፈዋል። ድምፁ ያስደነግጣል፤ አይፍሩ። በመጨረሻ የተጨመቀ የሎሚ ልጣጭ በትንንሹ ከትፎ ማስከተል ጥሩ ጠረን ይሰጣል። በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ ላይ ግን ሰው ከሚገባው በላይ ተስፋ ይጥላል። ሁለቱ ሲገናኙ መፍላታቸው ለዓይን ደስ ይላል እንጂ እርስ በርስ ተሻሽረው የሚተርፈው ከውኃ ብዙም አይሻልም። ለሽታ ጥቂት ይረዳሉ፤ የተዘጋ መስመር ግን አይከፍቱም። ኃይለኛው የቧንቧ መክፈቻ ኬሚካል ደግሞ የጎማ ክፍሎቹን ስለሚጎዳ አይጨመርበት። አቼቶ ባፈሰሱበት ላይ በረኪና መጨመር በፍጹም አይገባም፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

ማሽኑ ሳይሽከረከር ብቻውን ካጉረመረመ አንድ ነገር ጥርሱን ይዞታል ማለት ነው። ሞተሩ ሳይቃጠል ወዲያውኑ ይጥፋ፣ ሶኬቱ ይነቀል። በብዙዎቹ ዓይነቶች ከሥር መሐል ላይ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ አለ፤ አብሮት የሚመጣውን የታጠፈ ቁልፍ እዚያ ከትቶ ወዲያና ወዲህ ማዞር የተያዘውን ያላቅቀዋል። ከዚያ በባትሪ አብርቶ፣ በፒንሳ ማውጣት። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው የሻይ ማንኪያ ወይም የጠርሙስ ክዳን ነው። ካጉረመረመ በኋላ ጨርሶ ዝም ካለ ደግሞ ራሱን ከቃጠሎ አድኖ ነው፤ ሞተሩ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝና ከሥሩ ያለው ቀይ ቁልፍ ወደ ውስጥ ይገፋ።

አሁን የደቀቀው ነገር የሚደርስበትን እንይ። በሐዋሳ የአብዛኛው ቤት ፍሳሽ የሚወርደው ግቢ ውስጥ ወዳለ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ጉድጓድ ነው። በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መካከል ላይ ያለው ውኃ ወደ አፈር ይሰርጋል። ዲስፖዘር ዝቃጩንም ቅባቱንም ይጨምራል። ታንኩ ቶሎ ይሞላል፣ የመምጠጫው መኪና ክፍያ ይደጋገማል፤ ሳይዘቅጥ ያመለጠው ደቃቅ ደግሞ የሚሰርግበትን አፈር ይደፍነዋል። የሐዋሳ ሐይቅም ጥቁር ውኃ የተባለውን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከከተማው የሚደርሰው ነገር እዚያው ይከማቻል። በዚህ ላይ ትርፍራፊ በእኛ ግቢ ባለቤት አያጣም፤ ለበጉ፣ ለዶሮው፣ ለውሻው ይሆናል፤ የቡናው አተላ ከአቮካዶው ሥር ይደፋል። አዲስ ቤት የሚሠራ ወዳጅ ቢጠይቀኝ አትግዛ እለዋለሁ። ተገጥሞ ያገኘው ግን በቁጠባ ይጠቀምበት።

ከውጭ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ከመግጠም በፊት በሆዱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት በ60 ኸርዝ የሚፈልግ ሲሆን የእኛ መስመር 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። ቀጥታ ቢሰኩት ሞተሩ ይቃጠላል፤ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመርም ኸርዙን ስለማይለውጠው ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ መግዛት ይሻላል።

ውኃ ማንጠባጠብ ከጀመረ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ በደረቅ ጨርቅ እየጠረጉ መለየት ነው። ከገንዳው ጋር ከሚገናኝበት አንገት ከሆነ ብሎኖቹን ማጥበቅ ወይም ማሸጊያውን መለወጥ ይበቃል። ከጎን ቱቦው ከሆነ ጎሚኒው ይቀየራል። ከሞተሩ ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን የውስጡ ማኅተም አልቋል፤ ያን ጊዜ ለጥገና ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ፈቶ አውጥቶ በቦታው ተራ ሲፎን መግጠም ያዋጣል።