ሪኮምቢናንት ኢንተርፌሮን ጋማ፦ ጅማ ላይ ለሚሠሩ የተሰናዳ ዳሰሳ

ኢንተርፌሮን ጋማ ነጭ የደም ሴሎች እርስ በርስ ከሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ሪኮምቢናንት የሚባለው የሰው ዘረመል በገባለት ባክቴሪያ ውስጥ የሚመረተው ሲሆን፣ ላብራቶሪ ውስጥ በዋናነት የሚያገለግለው የሴል ተቀባዮችን (ሴሉ ከውጭ የሚመጣውን መልእክት የሚይዝባቸውን ፕሮቲኖች) ለመቀስቀስና ምላሻቸውን ለመለካት ነው። ዳሰሳው ጅማ ላይ በሳምባ ነቀርሳና በሰውነት መከላከያ ጥናት ለሚሠሩ የተሰናዳ ስለሆነ ወደ እነሱ ፍላጎት ያደላል። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ኢንተርፌሮን የሚለው ስም የወጣው በ1957 ለንደን ውስጥ ነው። ጋማው የታየው በ1965 ሲሆን፣ ዊሎክ የተባለ ተመራማሪ ነጭ የደም ሴሎችን በፊቶሄማግሉቲኒን ቢቀሰቅሳቸው ቫይረስ የሚገታ ነገር ሲያመነጩ አገኘ። ፊቶሄማግሉቲኒን የሚወጣው ከቀይ ቦሎቄ ነው፤ በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድ የሚያውከውም በእሱ ነው። ዛሬም በሳምባ ነቀርሳ የደም ምርመራ፣ የታማሚው ሴሎች ምላሽ መስጠት መቻላቸውን በሚያረጋግጠው ቱቦ ውስጥ ያለው ይኸው የቦሎቄ ፕሮቲን ነው። በ1982 ጄነንቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች ዘረመሉን ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ፕሮቲኑን አመረቱ። በ1990 አሜሪካ ውስጥ ለመድኃኒትነት ተፈቀደ።

ፕሮቲኑ 143 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የሚሠራውም ሁለት ሁለት እየሆነ ተጣምሮ ነው። ከባክቴሪያ የሚገኘው በሰው ሴል ውስጥ የሚለጠፍበት የስኳር ሰንሰለት የለውም፤ ተቀባዩን ከመቀስቀስ ግን አያግደውም።

ተቀባዩ ሁለት ዓይነት ክፍል አለው። ጥንዱ ፕሮቲን መጀመሪያ አንደኛውን ይይዛል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይጠጋል፤ በሴሉ ውስጥ ያሉት ጃክ1 እና ጃክ2 የተባሉ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፣ ስታት1 የተባለው ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጠፋል፣ እሱም ተጣምሮ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል። ይህ ለውጥ በሩብ ወይም በግማሽ ሰዓት ይታያል። በሴሉ ገጽ ላይ የኤችኤልኤ-ዲአር (ሴሉ የጀርም ቁራጭ ለነጭ የደም ሴሎች የሚያሳይበት ፕሮቲን) መጨመርን ለማየት ግን አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ነው። ፕሮቲኑ ራሱም ኒውክሊየስ ይገባል የሚሉ አሉ፤ ብዙዎች አልተቀበሉትም።

የተቀባዩ ፋይዳ በጉልህ የታየው በ1996 ነው። አንደኛው ክፍል የተበላሸባቸው ሕፃናት፣ ለሌላው ሕፃን የማያሰጋው የቢሲጂ ክትባት ባክቴሪያ ሳይቀር በጠና ሲያሳምማቸው ተገኘ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1952 ከተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅና በ1983 ከተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋም ውህደት በ1999 የተወለደ ነው። ዛሬ የራሱ የማይኮባክቴሪያ ምርምር ማዕከል አለው፤ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚገኝ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጅማ በሰውነት መከላከያ ጥናት ስሟ የተነሣው ግን ከዚያ በፊት ነው፤ በ1990ዎቹ በከተማዋና በዙሪያዋ ገጠር የተካሄደው የአስም ጥናት በዓለም ዙሪያ ተጠቅሷል። የገጠሩ ሰው በአስም ያነሰ መጠቃቱን፣ የአለርጂ ምላሽን ይገታል በሚባለው በኢንተርፌሮን ጋማ ብቻ ማስረዳት አያስኬድም፤ የአንጀት ትላትሎችም እጃቸው ሳይኖርበት አይቀርም።

ስለ አያያዙ ጥቂት። ብልቃጡ ሲከፈት ባዶ ይመስላል፤ ማይክሮግራም የሚሆን ደረቅ ፕሮቲን በዓይን አይታይም። ክዳኑ ላይ የተጣበቀው እንዲወርድ ሳይከፈት በሴንትሪፉጅ ትንሽ ማዞር ያስፈልጋል። አንድ ተማሪ «ዕቃው አልተላከልንም» ብሎ ብልቃጡን ሊጥለው ሲል የደረስኩበት ጊዜ አለ። ከሟሟ በኋላ ለአንድ ሥራ በሚበቃ መጠን ተከፋፍሎ በረዶ ይደረጋል፤ መቅለጥና መርጋት ሲደጋገምበት ኃይሉን ያጣልና። መብራት በሚሄድበት ጊዜ የፍሪዘሩን በር መክፈት አይገባም፤ ስንት ሰዓት እንደቆየም መጻፍ ነው።

በመጨረሻም፣ የሰው ኢንተርፌሮን ጋማ በአይጥ ሴል ላይ አይሠራም፤ የአይጡም በሰው ላይ እንዲሁ። ከማዘዝ በፊት መለያ ወረቀቱ ላይ የየትኛው ፍጥረት እንደሆነ ማየት የሳምንታት ሥራ ያድናል።