የኮራል ሲምባዮሲስ ምንድን ነው?

ኮራል እንስሳ ነው፣ የጄሊፊሽ ዘመድ። ድንጋይ የሚያስመስለው ከሥሩ የሚገነባው የኖራ አጽም ነው። ብቻውንም አይኖርም፤ በሥጋው ሕዋሳት ውስጥ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ደባል ሆኖ ገብቷል። ደባሉ በፀሐይ ብርሃን ስኳር እየሠራ ለአከራዩ ያካፍላል፤ ከአከራዩ ደግሞ መጠለያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ያገኛል። ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶው በዚህ መንገድ ሊመጣለት ይችላል። ሲምባዮሲስ የሚባለው ይህ ተደጋግፎ መኖር ነው።

ውሃው ከወትሮው የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ሲቆይ ስምምነቱ ይፈርሳል። በሙቀት የታወከው አልጌ ሕዋስ የሚጎዱ የኦክስጅን ውህዶች ማመንጨት ይጀምራል፣ ኮራሉም ያስወጣዋል። ቡናማው ቀለም የደባሉ ስለነበር የቀረው ሥጋ እንደ ብርጭቆ ያሳልፋል፤ ነጩ አጽም ወለል ብሎ ይታያል። መንጣት ማለት ይኼ ነው። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፣ ተርቧል። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ደባሉ ሊመለስለት ይችላል።

የዘረመል ጥናት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አልጌዎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ዲኤንኤያቸው ሲነበብ ግን ብዙ ወገን ሆነው ተገኙ። ዱሩስዲኒየም የሚባለው ወገን ያደረበት ኮራል ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት ሊቋቋም ይችላል፤ እድገቱ ግን ይዘገያል። ስለዚህ ደባሉን መቀየር ብቻውን መፍትሔ ይሆናል ብዬ አላምንም።

እኔን ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠኝ ቀይ ባሕር ነው። በሰሜን ጫፉ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉ ኮራሎች በሙከራ ገንዳ ውስጥ ከበጋቸው ሙቀት በብዙ ዲግሪ የላቀ ውሃ ሳይነጡ ችለዋል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከጥንቱ ጉዞ ጋር ያያይዙታል፦ ከበረዶው ዘመን በኋላ ኮራሎች ከቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ፣ ከባብ ኤል መንደብ ተነሥተው ወደ ሰሜን የዘለቁት በጣም ሞቃቱን ደቡብ አቋርጠው ነው፤ ያን ያልቻለ እዚያው ቀረ። አሁን ጂኖሙ (ሙሉው ዘረመል) የሚነበበው ያ ጽናት ከኮራሉ ነው ከደባሉ፣ ወደ ልጅስ ይወርዳል ወይ የሚለውን ለመለየት ነው። ሙቀቱን የቻለው ኮራል ግን የፈሰሰ ነዳጅንና የከተማ ፍሳሽን አይችልም፤ በባሕረ ሰላጤው ጫፍ ያሉት አቃባና ኤይላት ደግሞ ሁለቱም የወደብ ከተሞች ናቸው።