ጭንቀትና ልብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጭንቀት ልብን ይጎዳል ሲባል በየቤቱ ይሰማል፤ አባባሉም በመሠረቱ ትክክል ነው። ጉዳት የሚያመጡት ግን ከእሱ ተነሥተን የምንደርስባቸው አንዳንድ ድምዳሜዎች ናቸው።

«ግፊቴ የሚነሣው ስናደድ ብቻ ነው፤ ሲነሣም ይታወቀኛል»

በእኔ ግምት ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ነው። በንዴት ወይም በድንጋጤ ጊዜ የሚረጨው አድሬናሊን የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ብዙ የደም ቧንቧዎችንም ያጠባል፤ በዚህ የተነሣ የደም ግፊት ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ ይመለሳል። የደም ግፊት በሽታ የሚባለው ግን ሰውየው ተረጋግቶ በተቀመጠበት፣ በተለያዩ ቀናት ሲለካ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የሚገኘው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ስለሌለው ማጅራት መያዙን ወይም ራስ ምታትን ጠብቆ ማወቅ አይቻልም። ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ፣ ከልጆቹ ጋር ሲጋጭ ወይም ማጅራቱን ሲይዘው ብቻ አንዷን የሚውጥ ሰው ሕክምና ላይ ነኝ ብሎ ያስባል እንጂ ሕክምና ላይ አይደለም። ለምሳሌ በብዛት የሚታዘዘው አምሎዲፒን በየቀኑ ሲወሰድ ቀስ በቀስ የሚሠራ፣ ሙሉ ኃይሉን ለማግኘትም አንድ ሳምንት ያህል የሚፈልግ መድኃኒት ነው። ጸሎትም፣ የእግር ጉዞም፣ በቂ እንቅልፍም ልብን ይጠቅማሉ፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ግፊትንም ጭንቀትንም ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ግን ሐኪሙ ሳያውቅ መድኃኒት ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ግፊት ሲለካም ቢያንስ 5 ደቂቃ ዐርፎ፣ ጀርባን ተደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ፣ ክንድን በልብ ትክክል አሳርፎ መሆን አለበት፤ ደረጃ ወጥቶ እያለከለኩ የተለካ ግፊት አያስተማምንም።

«ጭንቀት የስሜት ጉዳይ ነው፤ አካልን አይነካም»

በ52 አገሮች የተካሄደውና በ2004 የታተመው ኢንተርሃርት የተባለው ጥናት በሥራና በቤት የሚደርስን የቆየ ጭንቀት ከሲጋራ፣ ከስኳር በሽታና ከደም ግፊት ጋር ለድንገተኛ የልብ ሕመም ከሚያጋልጡት ነገሮች ተርታ አሰልፎታል። በእርግጥ ታማሚዎቹ የተጠየቁት ከታመሙ በኋላ ስለሆነ ይህ ጥናት ለብቻው መንስኤነትን አያረጋግጥም። ይሁን እንጂ የተጨነቀ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ እንቅስቃሴ ያቆማል፣ አብዝቶ ያጨሳል፤ ልብ በዚህም መንገድ ይጎዳል።

«ሐዘን ሰውን አይገድልም»

በአገራችን መርዶ የሚነገረው እንደ ነገሩ አይደለም። ዘመድና ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ፣ ባለ ሐዘኑን ከግራና ከቀኝ ይዞ ነው የሚያረዳው፤ ውጭ አገር ላለ ሰውም ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚደወለው ለጓደኞቹ ነው። ይህ ጥንቃቄ መሠረት አለው። በድንገተኛ የልብ ሕመም በተያዙ ወደ 2,000 በሚጠጉ አሜሪካውያን ላይ ተካሂዶ በ2012 የታተመ ጥናት፣ የቅርብ ሰው በሞተ በመጀመሪያው ቀን ለሕመሙ የመጋለጥ ዕድል ከሌላው ጊዜ 21 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር፣ በቀጣዮቹ ቀናትም ቀስ በቀስ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። የጤነኛ ሰው ዕድል መነሻው በጣም አነስተኛ ስለሆነ 21 እጥፍ ሆኖም ትንሽ ነው፤ ቀድሞ የልብ ሕመም ላለበት ግን ቀላል አይደለም። ከዚህ ሌላ፣ በ1990 በጃፓን ሐኪሞች የተገለጸውና ታኮትሱቦ የተባለው ሕመም አለ፤ የደም ቧንቧ ሳይዘጋ የልብ ጡንቻ በድንገት የሚደክምበት፣ በአብዛኛው የወር አበባቸው በተቋረጠ ሴቶች ላይ የሚታይ ነው። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ፤ የሚሞቱም አሉ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚዘነጋው ደግሞ መድኃኒቱ ነው። ባለ ሐዘኗ አትበላም፣ አትተኛም፣ የግፊት ኪኒኗንና የስኳር መርፌዋን የሚያስታውሳት የለም። ለድንኳኑና ለወንበሩ ሰው እንደሚመደብ ሁሉ፣ ለዚህም አንድ ሰው ቢመደብ መልካም ነው።

«ንዴትን አምቆ ከመያዝ ጮሆ ማውጣት ይሻላል»

ቁጣን ማመቅ አይመከርም፤ መገንፈል ግን መፍትሔው አይደለም። በ2014 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ማጠቃለያ ከኃይለኛ ቁጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም የመከሰት ዕድሉ ወደ 5 እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ደም ከቀዘቀዘ በኋላ ቅሬታን መናገር አንድ ነገር ነው፤ ጠረጴዛ መደብደብ ሌላ።

«ጫትና መጠጥ ጭንቀት ያስረሳሉ»

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ባሕርዩ አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይመሳሰላል፤ የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የልብን የደም ቧንቧዎችም ሊያጠብብ ይችላል። ምርቃናውን ለመስበር ማታ በጨብሲ የሚወሰደው መጠጥ ደግሞ የተረፈውን እንቅልፍ ያበላሻል። ቡና አብሮ መወቀሱ ግን ያለ አግባብ ይመስለኛል፤ ለአብዛኛው ሰው በልኩ የተጠጣ ቡና ልብን እንደሚጎዳ ማስረጃ የለም።

«ደረቴን የያዘኝ ጭንቀት ነው፤ ይተወኛል»

ሊሆን ይችላል፤ ቤት ተቀምጦ መለየት ግን አይቻልም። በተለይ በሴቶች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም በትንፋሽ ማጠር፣ በማቅለሽለሽ፣ በመንጋጋ ወይም በጀርባ ሕመም ስለሚገለጽ «ተበሳጭታ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ደረትን የሚያስጨንቅ ሕመም ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ ከቆየ ወይም ላብና የትንፋሽ ማጠር ካለው፣ አምቡላንስ መጥራት ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ወዲያውኑ መሄድ ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። እዚያም የልብ ምርመራው (ኢሲጂ) ደህና ነው ተብሎ ቶሎ ወደ ቤት መመለስ አይገባም፤ ልብ መጎዳቱን የሚያሳየው ትሮፖኒን በደም ውስጥ የሚጨምረው ከጊዜ በኋላ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ከሰዓታት በኋላ ሁለተኛ የደም ናሙና ሊፈልግ ይችላል።