ኢ-ሪደርና የበረራ ቻርት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አማዞን እ.ኤ.አ. በ2009 ኪንድል ዲኤክስ የተባለውን ትልቅ ኢ-ሪደር (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) ለገበያ ሲያቀርብ፣ ዓይናቸውን ከጣሉበት ሰዎች መካከል የግል አብራሪዎች ነበሩበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ 9.7 ኢንች ነው፤ ፒዲኤፍም በቀጥታ ይከፍታል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) የሚያወጣው የአፕሮች ቻርት፣ ማለትም አብራሪው ደመና ውስጥ ሆኖ ወደ ማኮብኮቢያው የሚወርድበትን መንገድ የሚያሳየው ገጽ፣ 13.7 በ21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ስክሪን ላይ ከሞላ ጎደል በእውነተኛ ልኩ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ሜዳውን ታብሌት ቢይዘውም፣ ኢ-ሪደር በኮክፒት (በአብራሪው ክፍል) ውስጥ ቦታ እንዳለው አምናለሁ። የሚያሳስበኝ ስለ እሱ የሚነገረው ነው፤ አንዱ አለቅጥ ያሞካሸዋል፣ ሌላው ያለ ጥፋቱ ይኮንነዋል።

«የወረቀት ቻርት ያልያዘ አብራሪ ሕግ ጥሷል»

ይህ እንደ በረራው ዓይነት ይለያያል። በአሜሪካ ደንብ የግል በረራ የሚያደርግ አብራሪ ቻርቱን የግድ በወረቀት እንዲይዝ አይገደድም። የሚጠየቀው ለበረራው የሚያስፈልገው መረጃ በእጁ እንዲኖርና መረጃው ወቅታዊ እንዲሆን ነው። መንገደኛ የሚያጓጉዝ አየር መንገድ ግን መሣሪያውንም አጠቃቀሙንም በተቆጣጣሪው አካል ማስፈቀድ አለበት። አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው አየር መንገድ አብራሪዎች አይፓድን በሁሉም የበረራ ደረጃዎች እንዲጠቀሙ ኤፍኤኤ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ነው፤ ያም በሙከራ ተረጋግጦ ነው። ስለዚህ «እነሱ ከተጠቀሙ እኛም እንችላለን» ብሎ ከአየር መንገድ ወደ ግል በረራ፣ ወይም ከግል በረራ ወደ አየር መንገድ መዝለል ልክ አይደለም። በሌላ አገር የሚበር ደግሞ የዚያን አገር ደንብ ይመልከት።

«እንዲህ ያለ ትንሽ መሣሪያ ሬዲዮውን ሊያውክ አይችልም»

በዚህ ጉዳይ የኤፍኤኤ ደንብ ቁጥር 91.21 የሚለው ደስ ይለኛል። በአየር መንገድ አውሮፕላንና በመሣሪያ እየተመራ በሚደረግ በረራ ላይ የተንቀሳቃሽ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ አጠቃቀምን ይከለክላልና ያለ ጥያቄ የሚፈቀዱትን በስም ይዘረዝራል፦ የድምፅ መቅጃ፣ የመስማት አጋዥ፣ የልብ ምት ማስተካከያ፣ የኤሌክትሪክ ጢም መላጫ። ኢ-ሪደር በስም አልተጠቀሰም። በስም ያልተጠቀሰ ዕቃ የአውሮፕላኑን የአቅጣጫና የሬዲዮ መሣሪያ እንደማያውክ የመወሰን ኃላፊነት በአየር መንገድ የድርጅቱ፣ በግል በረራ ደግሞ የዋና አብራሪው ወይም የአንቀሳቃሹ ነው። ገመድ አልባ ግንኙነቱን አጥፍቶ መሬት ላይ መሞከር ብዙ ጊዜ አይወስድም። ደግሞም ሬዲዮው ደህና ሆኖ ሌላ ነገር ሊሳሳት ይችላል። የብዙዎቹ ኢ-ሪደሮች መሸፈኛ ሲከደን የሚያስተኛቸው ማግኔት አለው፤ ያንን መሸፈኛ ማግኔታዊው ኮምፓስ አጠገብ ካስቀመጡት ንባቡ ይሳሳታል።

«አንዴ አውርጄዋለሁ፤ ቻርቱ አለኝ»

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የበረራ መረጃ የሚታደሰው በ28 ቀን ዑደት ነው። የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ይቀየራል፤ አዲስ ግንብ ወይም አንቴና ይቆምና አውሮፕላን ሊወርድበት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ ከፍ ይላል፤ አንድ የአፕሮች መንገድ ጨርሶ ይሰረዛል። ኢ-ሪደሩ ይህን ሁሉ አያውቅም። ለበረራ የተሠራ የታብሌት መተግበሪያ ጊዜው ያለፈበትን ቻርት ሲከፍቱ ያስጠነቅቃል፤ ኢ-ሪደር ግን የአምናውንም የዘንድሮውንም ፋይል በእኩል ጽዳት ይከፍታል።

በኤፍኤኤ የአፕሮች ገጽ ጠርዝ ላይ ወደ ጎን የተጻፈ ቀን አለ፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ይናገራል። ሞተር ከማስነሳት በፊት ማንበብ የሚገባው እሱን ነው። የፋይሉ ስም ቀኑን ስለማይናገር፣ አዲሱን ሲጭኑ አሮጌውን ማጥፋት ግድ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተቀመጡ በጭንቅ ሰዓት የትኛው እንደሚከፈት ማንም አያውቅም።

«ስክሪኑ ትንሽ ቢሆን ምን አለበት፣ ይጎላል»

ባለ 6 ኢንች ኢ-ሪደር የሚታየው ቦታው 9 በ12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉው የአፕሮች ገጽ እዚያ ውስጥ እንዲገባ የእውነተኛ ልኩን 60 በመቶ ገደማ ብቻ እስኪያክል ማነስ አለበት። ወረቀቱ ላይ ራሱ ደቃቅ የነበረው የከፍታ ቁጥር በሚንቀጠቀጥ አውሮፕላን ውስጥ አይነበብም።

ታዲያ ይጎላ ቢባል፣ ገጹ እንዴት እንደተዘጋጀ ማየት ያስፈልጋል። ከላይኛው ክፍል ፍሪኩዌንሲዎቹ፣ የመጨረሻው አቅጣጫና ማረፍ ካልተቻለ ወዴት ዞሮ ምን ያህል ከፍታ መያዝ እንደሚገባ የሚገልጸው መመሪያ አለ። ከታች ደግሞ ማኮብኮቢያው ሳይታይ ከዚያ በታች መውረድ የማይፈቀድበት ከፍታ። የታችኛውን ሲያጎሉ የላይኛው ከስክሪኑ ይወጣል። አብራሪው እዚያ ከፍታ ላይ ደርሶ መሬት ካላየ፣ ቀጥሎ በቅጽበት የሚፈልገው ከላይ ያለውን መመሪያ ነው። በኢ-ሪደር ወደዚያ መሄድ ማለት በአንድ እጅ መሪ ይዞ በሌላው ገጹን መግፋት፣ ስክሪኑ እስኪታደስ መጠበቅ፣ ካለፈ ደግሞ መመለስ ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ምርጫ የሚጀምረው ከስክሪኑ መጠን ነው። ሙሉ ገጽ ሳይጎላ የማይነበብበት ኢ-ሪደር ለአፕሮች ቻርት አይሆንም፤ የማረጋገጫ ዝርዝርና የአውሮፕላኑን መመሪያ ለማንበብ ግን ይበቃል።

«ፀሐይ ላይ ስለሚነበብ በሁሉም ነገር ከታብሌት ይበልጣል»

የመጀመሪያው ግማሽ ፍጹም እውነት ነው። የኢ-ሪደር ስክሪን ከውስጥ በሚወጣ ብርሃን ሳይሆን ላዩ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በማንጸባረቅ ስለሚነበብ፣ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ይጠራል። ፖላራይዝድ (ነጸብራቅ የሚቀንስ) የፀሐይ መነጽር ያደረገ አብራሪ ታብሌቱን ዘወር ሲያደርገው ስክሪኑ ሊጠቁርበት ይችላል፤ ኢ-ሪደር ላይ ይህ ችግር የለም።

ሁለተኛው ግማሽ ግን በቀለም ላይ ይወድቃል። በዓይን እያዩ ለሚደረግ በረራ በሚያገለግሉት የአሜሪካ ቻርቶች ላይ መቆጣጠሪያ ማማ ያለው አየር ማረፊያ በሰማያዊ፣ የሌለው ደግሞ ማጀንታ በሚባለው ሮዝማ ቀይ ይሣላል። የአየር ክልል ወሰኖችም እንዲሁ በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ይለያሉ። በጥቁርና ነጭ ኢ-ሪደር ሁለቱም ግራጫ ይሆናሉ። አፕሮች ቻርት በዋናነት በጥቁር መስመር የሚሣል ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። በዓይን እያዩ ለሚደረግ በረራ የሚያገለግለውን ቻርት ግን በጥቁርና ነጭ ኢ-ሪደር ይዞ መብረርን አልመክርም።

«ባትሪው ሳምንታት ስለሚቆይ አያስጨንቅም»

ባትሪው የሚቆየው ስክሪኑ ኃይል የሚወስደው በዋናነት ገጽ ሲቀየር ስለሆነ ነው። ያው ባሕርይ ግን አንድ አደጋ ይዞ ይመጣል፦ ባትሪው ቢያልቅም ምስሉ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ታብሌት ሲሞት ይጨልማል፤ ኢ-ሪደር ግን ቀጣዩን ገጽ እስኪጠይቁት ድረስ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። በተጨማሪ ለጥቂት ደቂቃ ካልተነካ ይተኛና በቻርቱ ፋንታ የመኝታ ምስል ያሳያል። በብርቱ ቅዝቃዜ ገጽ መቀየሩ ይዘገያል፤ የቀድሞው ገጽ ጥላም ሊቀር ይችላል። ከአዲሱ ቻርት ቁጥር ሥር የአሮጌው ቁጥር ደብዝዞ ከታየ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ማሳደስ ይገባል።

«አውሮፕላኑ የት እንዳለ ያሳያል»

አያሳይም። ለንባብ ብቻ የተሠሩት ጂፒኤስ የላቸውም።

«ታብሌት ያለው ኢ-ሪደር አያስፈልገውም»

አፕል ለአይፓድ የሚያስቀምጠው የመጠቀሚያ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር ፀሐይ ሲመታው ከዚያ አልፎ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ያወጣና መሥራት ያቆማል። ኢ-ሪደርም የራሱ ገደብ አለው፤ ነገር ግን ከሌላ ኩባንያ የመጣ፣ በሌላ ሶፍትዌርና በሌላ ባትሪ የሚሠራ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ምክንያት አብረው የመቆም ዕድላቸው ጠባብ ነው። በመጠባበቂያነት የሚያዝ ከሆነ የመድረሻውና የአማራጭ አየር ማረፊያው ገጾች ከመነሳት በፊት ተጭነው፣ አንድ በአንድ ተከፍተው፣ ቀናቸው ታይቶ፣ መሣሪያው ከፀሐይ ተከልሎ አብራሪው ሳይዞር የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ማታ ለሚበር ደግሞ የራሱ መብራት ያለው ይሁን፤ የቀድሞዎቹ ኪንድሎች፣ ዲኤክስን ጨምሮ፣ ያለ ኮክፒት መብራት ወይም የእጅ ባትሪ አይነበቡም።