«ሰፖርቱ አብቅቷል» ማለት ምንድን ነው? ዊንዶውስ 7ን አልለቅም ለምትሉ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ወዳሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ጎራ ብትሉ ዊንዶውስ 7 የጫነ ኮምፒውተር አታጡም። ባለቤቷን «ለምን አትቀይሪውም?» በሏት። «ምን ሆነና?» ትላችኋለች። እውነቷን ነው። ይነሳል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ማይክሮሶፍት ግን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ሰፖርቱን አቁሟል።

ሰፖርት ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ይዘጋል ማለት አይደለም። ፋይልም አይጠፋም። የቆመው ጥገናው ነው። ቀዳዳ የሌለው ሶፍትዌር የለም፤ ቀዳዳ ሲገኝ ድርጅቱ መድፈኛ ይልካል፣ አፕዴት የምንለው በአብዛኛው እሱን ነው። ሰፖርት ካበቃ በኋላ ቀዳዳው መገኘቱን ይቀጥላል፣ መድፈኛው ግን አይመጣም። የባሰው ደግሞ ለአዲሱ ዊንዶውስ መድፈኛ በወጣ ቁጥር ሌቦቹ «ምን ነበር የተደፈነው?» ብለው ፈትሸው ያው ቀዳዳ አሮጌው ላይ ክፍቱን መቅረቱን ማወቅ ይችላሉ።

በሜይ 2017 ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ ፋይል እየቆለፈ «ክፈሉ» ሲል ዓለምን አዳርሷል። ብዙ ሰው ከ7 በፊት በነበረው አሮጌ ዊንዶውስ፣ በኤክስፒ ላይ የመጣ ይመስለዋል። አብዛኞቹ የተጠቁት ኮምፒውተሮች ግን ዊንዶውስ 7 ነበሩ፣ ያውም ገና ሰፖርት እያለው። መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች ወጥቶ ነበር፤ ያልጫነው ሰው ነው የተበላው።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ እናውራ። እኛ ጋ ብዙው ዊንዶውስ ክራክ ነው፣ ማለትም ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ የተጫነ፣ ፎርማት የሚያደርገውም ልጅ ገና ሲጭነው አፕዴቱን ያጠፋዋል። እንዲህ ላለው ኮምፒውተር ሰፖርቱ ያበቃው በ2020 አይደለም፣ የተጫነ ዕለት ነው። ዊንዶውስ 11 ሆኖ አፕዴቱ የጠፋም ያው ነው። ስለዚህ «አዲስ ስለሆነ ደህና ነው» የሚለውም ወሬ አይሸጥልኝም።

ደግሞ አሮጌውን የሚመርጥ ሰው ሰነፍ ነው ብዬ አላምንም። ዊንዶውስ 7 ባለ 32 ቢቱ በ1 ጂቢ ራም ይሠራል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ የሱቁ ዴስክቶፕ ደግሞ ይህ ሁሉ የለውም። በዚያ ላይ ከስልክ ሆትስፖት ሲከፈትለት አፕዴቱ ፓኬጁን ሳትሰሙት ይጨርሰዋል። እሺ ይጫን ብላችሁ ብትተዉት እንኳ 30 ፐርሰንት ላይ «ኮምፒውተሩን አታጥፉ» እያለ መብራቱ ድርግም ይላል። መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ (ዩፒኤስ) የለም። ደንበኛው ቆሟል፣ ማመልከቻው ዛሬ ወረዳ መግባት አለበት። በዚህ መሃል ማን አፕዴት ይወዳል?

«እኔ ኢንተርኔት አላገናኘውም» የሚለው መልስ ግማሽ መልስ ነው። ቤት ውስጥ ብቻ ለሚጻፍበት ኮምፒውተር በቂ ነው፣ እንዲያውም እሱን ባትነኩት ይሻላል። ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ግን ኢንተርኔቱ ፍላሽ ነው። ከኮዬ ፈጬም፣ ከገላንም፣ ከየሰዉ ኪስ እየወጣ ቀኑን ሙሉ ይሰካል። ፍላሹን ስትከፍቱት ፎልደሮቹ በሙሉ ትንሽ ቀስት ይዘው ሾርትከት ሆነው የምታገኙት ለዚህ ነው። ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ሾርትከቱን ስትጫኑት ግን ፎልደሩ ቢከፈትም አብሮ ቫይረሱ ይነሳል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ያዳርሳል። ስለዚህ አትጫኑት። የተደበቀ ፋይል አሳይ የሚለውን አብሩ፣ ካልታየ የሲስተም ፋይል ደብቅ የሚለውንም አጥፉና እውነተኛውን ፎልደር ክፈቱ።

ብሮውዘሩም ጊዜው አልፏል። ክሮም ለዊንዶውስ 7 ያወጣው የመጨረሻ ቨርዥን 109 ነው፣ ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ አዲስ የለም። ይህ ለእኔ ቁርጥ ያለ ጉዳይ ነው፦ ባንክና ኢሜይል በዚህ ኮምፒውተር አይከፈትም። በስልካችሁ ክፈቱት።

«ዊንዶውስ 10 ልጫንና ልረፍ» የምትሉ ካላችሁ እሱም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሰፖርቱ አብቅቷል። ለተመዘገበ ሰው የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አለ፣ እስከ ኦክቶበር 2026። «10 ይንቀራፈፋል» የሚለው ስሞታ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው፤ በምትኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ሲገባለት ያው ማሽን ሌላ ይሆናል። አቅሙ ጨርሶ ለማይችል ኮምፒውተር ደግሞ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፣ ግን የለመዳችሁት የአማርኛ መጻፊያ እዚያ አይሠራ ይሆናልና ከመጫናችሁ በፊት ከፍላሽ አስነስታችሁ ሞክሩት።

ለመቀየር ከወሰናችሁ ሰነዶቻችሁን ብቻ ሳይሆን የፎንት ፎልደሩንም ኮፒ አድርጉ። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ውል ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚወጣው። ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር (ድራይቨር) ለአዲሱ መኖሩንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ፎርማት የሚያደርገው ልጅ ሁለቱንም አይጠይቃችሁም።